ስምንት ወር ያቀድነው የፊዮርድ መርከብ

ከፍራንክፈርት እስከ በርገን በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ያህል ነው። እኛን ግን ስምንት ወር ፈጅቶብናል።

በርገን የኖርዌይ ከተማ ናት። ወደዚያ የሚሄዱ ሰዎች ፊዮርድ የሚባለውን ለማየት ነው የሚሄዱት። ፊዮርድ ማለት ባሕሩ ከተራሮች መሀል እየታጠፈ፣ እየጠበበ አገር ውስጥ ድረስ ዘልቆ የሚተኛበት ቦታ ነው። ሊማሊሞን የምታውቁ ሰዎች ያንን ሁሉ ገደልና ጥምዝምዝ አስቡና ከሥሩ ባሕር አስተኙበት፤ በባሕሩ ላይ ደግሞ መርከብ አስኪዱ። እኔ ሊማሊሞን በጭነት መኪና ስወጣና ስወርድ ወጣትነቴን ስለጨረስኩ ነገሩ ቶሎ ገባኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ ከዚህ በላይ አላብራራም። ማብራሪያ የሚፈልግ ኢንጂነር ሙላቱን ይጠይቅ፤ እሳቸው ቀኑን ሙሉ ያብራሩለታል።

ጉዞውን የፈለገው ታደሰ ነው። ታደሰ የሚኖረው ጻይልስሃይም የሚባል የፍራንክፈርት ሰፈር ነው፤ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ እዚያው አጠገብ ባለው የኬሚካል ፋብሪካ በር ጠባቂ ነበር። ከዚያ በፊት፣ ገና ጢም ሳያበቅል፣ ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ተማሪ ነበር። ካስተማሩት ፈረንጆች አንዱ የኖርዌይ ሰው ነው። ሰውዬው አንድ ቀን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ተራራ ሳለ፤ ከተራራው መሀል ባሕር ጨመረና "አገሬ ይህን ይመስላል" አላቸው። ታደሰ የመንዝ ልጅ ነው። ተራራ ያውቃል፤ ባሕርንም ምጽዋ ላይ አይቷል፤ ሁለቱን አንድ ላይ ግን አላየም። ብድግ ብሎ "ጌታዬ፣ ይሄ ሐይቅ ነው፤ ባሕር ተራራ መሀል አይገባም" አለ። ክፍሉ በሳቅ አለቀ። መምህሩ አልተቆጣም። "አንድ ቀን መጥተህ ቅመሰው" ብሎት ትምህርቱን ቀጠለ።

ይህን ታሪክ በየለቅሶው፣ በየክርስትናው ሰምተነዋል። ሁልጊዜ መጨረሻው ላይ ታደሰ ራሱ ቀድሞ ይስቃል። ባለፈው ኅዳር ሲያወራው ግን አልሳቀም። አንድ ዓይኑ ከጠፋ ቆይቷል። ሐኪሟ ሁለተኛውም እየደከመ ነው፤ መስከረም ላይ ኦፕራሲዮን እናደርገዋለን፤ ይድናል ብዬ ግን ቃል አልገባም ብላዋለች። "ቴርሚኔ ሳይደርስ ያንን ውሃ ልየው" አለን፤ ቴርሚን የሐኪም ቀጠሮ ነው። "ልቅመሰውም።"

ነገሩ በቃ ይኸው ነው። ልጄ ሄለን በስልኳ ሩብ ሰዓት ውስጥ ትጨርሰው ነበር። እኛ ኮሚቴ አቋቋምን።

ሦስት ሰዎች ነን። ኢንጂነር ሙላቱ፣ የኡንተርሊደርባኽ ሰፈሩ፣ በተማሪነታቸው መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው፤ ሊቀ መንበርም ጸሐፊም ሆኑ። ጸሐፊነቱን የደረቡት እኔ ፊደል ስለምገድፍ፣ ታደሰ ደግሞ ስለማያይ ነው። እኔ ምክትል ሆንኩ። ታደሰ ሕዝቡ ሆነ።

በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ኢንጂነር ቤት እንሰበሰባለን። አጀንዳ ይነበባል፤ አጀንዳው ላይ ክርክር ይነሳል፤ ያለፈው ፕሮቶኮል፣ ማለት ቃለ ጉባኤው፣ ይጸድቃል፤ ከዚያ ይመሻል። መቼ እንሂድ የሚለው ብቻ ሦስት ወር በላ። ኢንጂነር በተማሪነታቸው እግዜር የለም እያሉ ወረቀት ይበትኑ ነበር ይባላል፤ ዛሬ ግን ጾም እንዳይነካ ከቄስ በላይ ይጠነቀቃሉ። "የሰፊው ሕዝብ እምነት መከበር አለበት" አሉ። ሰፊው ሕዝብ ታደሰ ነው። ታደሰ "እኔ ቆሎም ይበቃኛል፤ ብቻ እንሂድ" አለ። ይህ ፕሮቶኮሉ ላይ አልሰፈረም። በመጨረሻ የሐዋርያት ጾም ከተፈታ በኋላ፣ ፍልሰታ ሳይገባ፣ ሐምሌ ላይ እንዲሆን ተወሰነ። ኢንጂነርም ስለ ፊዮርድ ሦስት መጽሐፍ አንብበው አሥራ አራት ገጽ ጥናት አዘጋጁ፤ ስንሄድ ገጽ ሰባት ላይ ነበርን።

በእሳቸው ብቻ አልፈርድም። እኔም የባሰ ሠርቻለሁ። ቤተ ክርስቲያን ለአንድ ሰው "በርገን ልንሄድ ነው" ብዬ አመለጠኝ። በሚቀጥለው እሑድ ሰው በየፌስታሉ ዕቃ ይዞ ይጠብቀኝ ጀመር። ለእህቷ ሽሮ፣ ለወንድሙ በርበሬ፣ ለአራስ ቅቤ፣ ለሙሽራ ነጠላ። አንዷማ ትሮንድሃይም ለሚኖር ልጇ ሰጠችኝ፤ ከበርገን አንድ ቀን ያስኬዳል ብላት "አንድ ቀን ካልክማ ደርሰሃል" አለችኝ። እንቢ ማለት አላውቅም። ሻንጣ ሞላ፤ ሁለተኛ ሻንጣ ሞላ፤ ሰባት ቤት የሚደርስ ዕቃ ሆነ።

ሰኞ። ሄለን እኔ ወደምኖርበት ፌኸንሃይም መጥታ በመኪና ወሰደችኝ። ሻንጣዎቹን ስትጭን ወገቧን ይዛ በጀርመንኛ "ፓፓ፣ ኡርላውብ ነው ወይስ ኡምፁግ?" አለችኝ። ለዕረፍት ነው የምትሄደው ወይስ ቤት እየቀየርክ ነው ማለቷ ነው። ታደሰ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ቆሞ ጠበቀን፤ የያዘው አንዲት ትንሽ ቦርሳ ነው። ምን ይዘሃል ብዬ ስዳብስ ቅያሪ ልብስና አንድ የቆርቆሮ ኩባያ አገኘሁ። በስምንት ወር ውስጥ ለጉዞው የሚያስፈልገውን ያሰበው እሱ ብቻ ነበር።

ዕቃ ስናስረክብ ወለል የምትጠርግ አንዲት የኛ ሰው አየችንና መጥረጊያዋን አቁማ ወዴት ናችሁ አለችን። በርገን ስንላት "ውይ፣ የአጎቴ ልጅ አለች፤ ሰላም በሉልኝ" ብላ ስልኳን በወረቀት ሰጠችን። ይህ ክብደት ስለሌለው ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ።

በርገን ስንወርድ ይዘንባል። ፍራንክፈርት ፀሐይ ነበር። አገር ቤት ሐምሌ ላይ እንደሚጥለው ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ፣ እዚህ ማንም አይሸሽም። ሴቶች ጋሪ እየገፉ፣ ሽማግሌዎች ውሻ እየጎተቱ በዝናብ ውስጥ ይንሸራሸራሉ። እኛ ጋ እንደዚህ የሚሄድ ሰው ቢታይ ጎረቤት ለዘመድ ይደውላል።

በጥናቱ መሠረት መሀል ከተማ፣ ከወደቡ በእግር አሥር ደቂቃ፣ ሆቴል ተይዞልን ነበር። ግን መውጫው ላይ ጽጌ ቆማለች። ጽጌ ያንን ሽሮ የምትቀበለው እህት ናት፤ የሽማግሌዎች መጦሪያ ወጥ ቤት ትሠራለች፤ ስንመጣ ስልክ ደውዬ ነግሬያት ነበር። ዕቃሽን ውሰጂ ስላት ሻንጣዎቹን በሙሉ መኪናዋ ላይ ጫነች። ኢንጂነር ሆቴል ተይዟል ብለው ወረቀታቸውን አወጡ። ወረቀቱን አላየችውም። "እኔ እያለሁ ሆቴል? ሰው ምን ይለኛል?" አለችና ሞተር አስነሳች። ቤቷ ከከተማው በመኪና አርባ አምስት ደቂቃ ነው። በዚያች ደቂቃ የመጀመሪያው ገጽ ፈረሰ።

ባለቤቷ ተስፋይ ይባላል፤ ኤርትራዊ ነው፤ መኪና የምታሻግር ጀልባ ላይ ይሠራል። አንድ ሳምንት ጀልባዋ ላይ ያድራል፤ አንድ ሳምንት ቤቱ ያርፋል። ራት ላይ ስለ ባሕር ኃይሉ ሰምቶ ታደሰን አየት አደረገውና "እኔ ምጽዋ ነው የተወለድኩት፣ ኣቦይ" አለው። ከዚያም እንጀራውን እየቆረሰ፣ ድምፁን ሳይለውጥ፣ "የእናንተ መርከብ መብራት ሲያበራ፣ እናቴ የእኛን ታጠፋ ነበር" አለ።

ኢንጂነር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ይህ ምልክት ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው የአርባ ዓመት ክርክር መሆኑን አውቃለሁ። ትልቅ ጉርሻ ጠቅልዬ አጎረስኳቸው፤ ሳያላምጡ መናገር ስለማይችሉ ጊዜ አገኘን።

"እናትህ አሉ?" አለው ታደሰ።

"የሉም፣ ኣቦይ።"

"ነፍስ ይማር።"

ተስፋይ ብርጭቆውን ሞላለት። ለኢንጂነር ሁለተኛ ጉርሻ አዘጋጅቼ ነበር፤ አላስፈለገም።

ማክሰኞ። በጥናቱ ላይ "የከተማ ጉብኝት" ይላል። እኛ ዕቃ አደልን። ስድስት ቤት በዝናብ። በየቤቱ እንቀመጣለን፤ በየቤቱ ይቀርባል፤ አሁን በላን ስንል ይኮረፋል። ሦስተኛው ቤት ላይ ዶሮ፣ አራተኛው ቤት ላይ ሌላ ዶሮ። አራሷ ሕፃኑን ጭኔ ላይ አስቀምጣ ፎቶ አነሳችኝ። የትሮንድሃይሙን ፌስታል አንድ ታክሲ ነጂ "አንድ ሰው አገኛለሁ" ብሎ ወሰደልን፤ ስላልጠየቅሁት እስካሁን ደህና መድረሱን አምናለሁ። በርገን ታሪካዊ የእንጨት ቤቶች አሏት አሉ። እኛ ያየነው ደረጃቸውን ነው። ፍራንክፈርት ሰው ቤት ለመሄድ ከሁለት ሳምንት በፊት ቴርሚን ይያዛል፤ እዚህ ያሉት የኛ ሰዎች ግን በር ሲንኳኳ ማን ነው አይሉም፤ ግቡ ነው የሚሉት።

ታደሰ በየቤቱ መስኮት ሥር ይቀመጣል። አንዴ ብቻ "ነገ ነው አይደል?" አለኝ። ነገ ነው አልኩት።

ረቡዕ። መርከቧ የምትነሳው በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው። ኢንጂነር ከቤት የምንወጣበትን አሥራ ሁለት ተኩል ብለው ጽፈዋል፤ አርባ አምስት ደቂቃ መንገድ፣ አርባ አምስት ደቂቃ መጠባበቂያ። በእውነቱ በዚያ ስሌት ጀርመንም ስህተት አያገኝም። ስሌቱ የረሳው ጽጌን ነው። ጎሕ ሳይቀድ ተነስታ በዘይት የተሠራ ጨጨብሳ፣ የጾም ፍርፍር፣ ሽሮ፣ ገንፎ አሰናድታለች። ገንፎው ለእኔ ነው፤ ጥርሴን አይታ። ቁርስ ስንጨርስ ገና ሩብ ሰዓት ነው ያጠፋነው።

ተነሳን። "ለመንገድ ልቋጥር" አለችና ተቀመጥን። ተነሳን። ትልቋ ልጅ ፎቶ ይነሱ አለች፤ ሶፋው ላይ ደግመን ተቀመጥን። በር ላይ ደረስን፤ ሦስት ጊዜ ተሳሳምን። ከዚያ ጽጌ ጎንበስ ብላ "ጋሽ ወልዴ፣ ሳይመርቁን አይሂዱ" አለችኝ።

ስለዚህች ምርቃት መናገር አልወድም ነበር። ግን ሌላ ሰው ከሚጽፈው እኔ ብጽፈው ይሻላል። ከሦስታችን ትልቁ እኔ ነኝ። ጽጌን መረቅኩ፤ አሜን አሉ። ተስፋይን መረቅኩ፤ አሜን። ልጆቹን በየስማቸው። ቤቱን። ሥራዋን፣ የምታበላቸውን ሽማግሌዎች፣ የተስፋይን ጀልባ፣ ጀልባዋ የምትሄድበትን ውሃ። አሜን ሲሉ ድምፃቸው ያምራል፤ ሰው እንዲህ አሜን እያለለት እንዴት ያቆማል? ጀርመን አገር ሠላሳ ዓመት ዕቃ ስጭንና ሳወርድ ለተናገርኩት አንድ ሰው አሜን ብሎልኝ አያውቅም። ታደሰ እጁን ዘርግቶ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ አሜን ይላል። ኢንጂነር ሰዓታቸውን እያሳዩ ዓይናቸውን ያጉረጠርጣሉ፤ ምርቃት ማቋረጥ ግን እሳቸውም አልደፈሩም። መጨረሻ ላይ መርከባችን ላይ በሰላም፣ በሰዓቱ እንድንደርስ መረቅኩ። አሜን።

ስንወጣ አንድ ሰዓት ከሃያ ሆኗል።

ወደቡ ስንደርስ ሁለት ሰዓት ከአምስት ነበር። መርከቧ ከመትከያው ተላቃ ፊቷን አዙራለች። በጣም ርቃ እንኳ አልሄደችም፤ ሰዎች ሲጋራ ሲለኩሱ ይታያል። ፍራንክፈርት ባቡር አምስት ደቂቃ ቢዘገይ ማንም ዞር ብሎ አያይም፤ ሃያ ደቂቃ ሲዘገይ ነው ፌርሽፔቱንግ፣ ዘግይቷል፣ ብለው የሚጽፉልህ። ይህች ግን በሰዓቷ ሄደች። ሐምሌ ስለሆነ እስከ ሁለት ሳምንት ቦታ የለም አሉን። እኛ የምንመለሰው ዓርብ ነው።

ኢንጂነር ጥናቱን አወጡ። ጥፋቱ የትኛው ተራ ቁጥር ላይ እንደተፈጠረ በጣታቸው አሳዩን፤ ልክም ነበሩ፤ እኔ ላይ ነበር። ጽጌ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች። ታደሰ ወደ ውሃው ዞሮ ቆሟል።

"ነጭ ናት አይደል?" አለኝ።

"ነጭ ናት።"

"ነጭ ነገር ታየኝ" አለ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አቅፌው ልቁም ብዬ እጄን ትከሻው ላይ ሳደርግ፣ ኪሱ ውስጥ ኩባያዋ ጎኔን ወጋችኝ።

ያን ቀን ቤት ገብተን ማንም በደንብ አልበላም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ምግብ ተረፈ። ተስፋይ የሆነውን ከጽጌ ሰማ፤ የመምህሩንም ነገር ነገርኩት። ሰምቶ ሲጨርስ በመስኮት አየና ለታደሰ "ኣቦይ፣ ነገ ሥራ እገባለሁ። ከእኔ ጋር ይምጡ። መርከብ አይደለችም፤ ውሃው ግን ያው ነው" አለው። ኢንጂነር ጀልባዋ የምትሄድበት ፊዮርድ በጥናቱ እንደሌለ አስታወሱ።

ሐሙስ። ንጋት ላይ አምስት ሆነን በአንድ መኪና ወጣን። ተስፋይ ይነዳል፤ ታደሰ ከፊት፤ እኛ ከኋላ፤ ጽጌ ያበሰለችው ድስት ጭኔ ላይ። ሦስት ሰዓት ነዳን። የእነሱ መንገድ ተራራ ሲያጋጥመው አይዞርም፤ በስቶ ይገባል። ከአንዱ ጨለማ ወጥተን ገና ዓይናችን ሳይለምድ ሌላ ጨለማ። እኔ ሊማሊሞን የወጣሁት እያንዳንዱን መታጠፊያ በክላክስ እየለመንኩ ነው፤ ይህን ሳይ ትንሽ ቀናሁ።

ከመጨረሻው ጨለማ ስንወጣ ውሃው ከታች ተኝቷል። ጥቁር አረንጓዴ ነው። ገደሉ ከሁለት ወገን ቀጥ ብሎ ገብቶበታል፤ ዳርቻ የሚባል የለውም። የእኛ ማይን ጨዋ ወንዝ ነው፤ ግራ ቀኙን በድንጋይ ታጥሮ፣ አግዳሚ ወንበር ተደርጎለት፣ ዳክዬ እየመገበ ይሄዳል። ይህኛው ማንንም አይጠብቅም።

ጀልባዋ መስታወት የላትም፣ አስተናጋጅ የላትም፣ የምታሰማው ሙዚቃ የላትም። የፌኸንሃይም ሽትራሰንባን፣ የከተማዋ ባቡር፣ ውሃ ላይ ብትወጣ እሷን ትሆናለች። የወተት መኪና፣ አንድ ትራክተር፣ ሁለት ቤተሰብ ጫነች፤ በሃያ ደቂቃ ተሻገረች፤ አራገፈች፤ ተመለሰች። እኛ አልወረድንም። ስንመላለስ ዋልን። ለመልክዓ ምድር ብለው በውድ የሚሳፈሩት ሰዎች ያችን መንገድ አንዴ ነው የሚያዩዋት፤ እኛ ስምንት ጊዜ አየናት።

ታደሰ ከፊት ብረቱን ይዞ ቆመ። ዝናቡ አባርቷል። ብዙ እንዳልታየው ከአንገቱ አያያዝ ታወቀኝ፤ ጆሮውን ነው ወደ ተራራው የሚያዞረው።

"ያ ነጩ ምንድን ነው?"

"ፏፏቴ ነው።"

"የት ነው የሚወድቀው?"

"እዚሁ ውሃ ላይ።"

"ድንጋይ ሳይነካ?"

"ድንጋይ ሳይነካ።"

"አይተህ ንገረኝ" አለ። ደግሜ አይቼ ነገርኩት።

ከወዲያ ማዶ ጀልባዋ ሩብ ሰዓት ትቆማለች። ተስፋይ ታደሰን ደግፎ ወደ መትከያው አወረደው። ኩባያዋን በገመድ አስረን ሰደድናት፤ ሞልታ ወጣች። ታደሰ ኮፍያውን አውልቆ፣ እንደ ጸበል በሁለት እጁ ይዞ ቀመሰ። አጣጣመ። ደግሞ ቀመሰ።

"ጨው የለውም" አለ።

ተንበርክኬ እኔም ቀመስኩ። እንደ ምንጭ ውሃ ነው። ይህን ሁሉ አገር አቋርጠን፣ ሰውየው ያለ ኦፕራሲዮንም የሚያውቀውን ሐይቅ ልናጠጣው መጣን አልኩ። ኢንጂነር ከጀልባዋ ላይ ሆነው "ከላይ ያለው የበረዶ ውሃ ነው፤ ገጽ ዘጠኝ ላይ አለ" አሉን። ገጽ ዘጠኝ አልደረስንም ነበር። ታዲያ ምን እናድርግ ብዬ ስጠይቅ ያ ገጽ ዘጠኝ ላይ የለም። ብርድ መታኝ ብለው ፕሮቶኮላቸውን ለመጻፍ ወደ ውስጥ ገቡ።

ታደሰ ግን ፊቱ ተለወጠ። ሳይጠየቅ መመለስ የጀመረ ተማሪ መሰለ። "ልክ ነው፤ የሚከብደው ጨው ያለው ነው፤ ከታች ነው የሚተኛው" አለ። "ጠርሙስ አምጣልኝ። ቡሽም። የሚከብድ ብረት። ሁለት ገመድ።"

ተስፋይ ከጀልባዋ ወጥ ቤት የኮምጣጤ ጠርሙስ አጥቦ አመጣ፤ ከማሽን ክፍሉ ትልቅ ዳዶ። ታደሰ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ዳዶውን ከጠርሙሱ ሥር፣ አንዱን ገመድ ከአንገቱ፣ ሌላውን ከቡሹ አሰረ። ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ጣቶቹ ገመዱን ያሳልፋሉ፣ ይመልሳሉ፣ ያጠብቃሉ፤ እኔ የጭነት ሰው ነኝ፣ ብዙ ቋጠሮ አውቃለሁ፤ የእሱን ግን መከተል አቃተኝ። የጀልባዋ ካፒቴን፣ ነጭ ጢም ያለው ዝምተኛ ሰው፣ ለማየት ወርዶ አጠገባችን ቆመ። ቋጠሮውን በጣቱ ነካና ለተስፋይ አንድ ነገር አለው።

"ይሄን ማን አስተማረህ ይላል" አለ ተስፋይ።

"ያገርህ ሰው በለው" አለ ታደሰ።

ካፒቴኑ ሰዓቱን አየ። ከዚያ ሰዓቱን በእጅጌው ሸፈነ። ይህን ያደረገው በሰዓት የሚኖር ሕዝብ መሆኑን እያሰብኩ እስካሁን ይገርመኛል።

ጠርሙሱ ወረደ። ታደሰ ገመዱን በክንዱ እየለካ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቆጠረ። ሲበቃው ሁለተኛውን ገመድ ነጠቅ አደረገ፤ ቡሹ ተነቀለ፤ ጥቂት ጠበቀ፤ ሳበው። ጠርሙሱ ቀዝቅዞ፣ ሞልቶ ወጣ። ወደ ኩባያዋ ቀዳና ጠጣ።

ፊቱ እንደ ሕፃን ተኮማተረ።

"ጨው ነው" አለ።

ተነሳ፤ ሱሪው ርሷል። ኮፍያውን እንደያዘ ወደ ተራራው ዞረና፣ አብሮት ለሚቆም ሰው እንደሚናገር ዝግ ብሎ "ይቅርታ፣ ጌታዬ" አለ። ተስፋይ ወደ ውሃው አየ። እኔ ደግሞ ድስቱን ለማየት ሄድኩ፤ ማየት ያስፈለገው ድስቱ ሆኖ አይደለም። ጀልባዋ አምስት ደቂቃ ዘግይታ ተነሳች።

በስምንተኛው ጉዞ ላይ ተስፋይን ለሥራው ትተን ወረድን። መኪናዋን ጽጌ ነዳች። ስንሰነባበት እንድመርቀው አልጠየቀኝም፤ ልምድ አግኝቷል። እኔም ሳልጠየቅ መረቅኩት፤ አጭር ነበረች።

ዓርብ። ሻንጣዎቹ ባዶ ናቸው ብዬ ነበር። ጽጌ ቤት ጠዋት ስንነሳ ሰባቱም ቤት መልስ ልከው ደርሷል፤ ደረቅ ዓሣ፣ ቡናማ አይብ፣ የበግ ጠጉር ሹራብ፣ ለዘመድ ለጎረቤት። የታደሰን ጠርሙስ በሁለት ካልሲና በአንድ ሹራብ ጠቅልዬ መሀል ላይ አስተኛሁት። ፍራንክፈርት ስንደርስ ፀሐይ ነው። ሄለን ሻንጣዎቹን አንስታ ክብደታቸው ስላልቀነሰ እንደገና ወገቧን ያዘች።

መስከረም ላይ ታደሰ ኦፕራሲዮኑን አደረገ። በማግስቱ እኔና ኢንጂነር ሆስፒታል ሄድን። ዓይኑ ላይ ፋሻ አለ፤ የሚነሳው ሐሙስ ነው፤ እስከዚያ ምንም አይታወቅም። አልጋው አጠገብ ኩባያዋና ጠርሙሱ ቆመዋል። ነርሷ አበባ ልታስቀምጥበት ብላ ኖሮ ከእጇ እንዴት እንዳተረፈው ነገረን።

ኢንጂነር የመጨረሻውን ፕሮቶኮል ይዘው መጥተዋል፤ መፈረም አለበት። አነበቡልን። "በፊዮርድ ላይ የሚደረገው የመርከብ ጉዞ በዕቅዱ መሠረት ተከናውኗል" ይላል። ብዕሩን ታደሰ እጅ ላይ አደረጉ። ታደሰ ብዕሩን አልጋው ላይ አስቀመጠና "ኢንጂነር፣ ያን ቀን ውስጥ ነበሩ። ውሃውን ቀምሰዋል?" አላቸው።

"ጨዋማ መሆኑ የታወቀ ነው" አሉ ኢንጂነር።

"ይቅመሱት።"

እጁን ሰዶ ጠርሙሱን አገኘ፤ በዳበሳ ኩባያዋ ውስጥ ቀዳ፤ አንድ ጠብታ አላፈሰሰም። ኢንጂነር እኔን አዩኝ። እኔ ጣራውን አየሁ። ጠጡ። ፊታቸው ልክ ጀልባዋ አጠገብ እንደ ታደሰ ፊት ተኮማተረ። ኩባያዋን አስቀመጡ፤ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠረጉት።

ከዚያ ብዕሩን ከአልጋው ላይ አነሱ። ያችን መስመር ከዳር እስከ ዳር ሰረዟትና ከሥሯ አንድ ነገር ጻፉ። አላነበቡልንም። እኔ ትምህርቴ ትንሽ ነው፤ ያን ያህል ግን አነባለሁ።

"ጨው ነው" ይላል።